የ«ፈራ ተባ» ሁለተኛዋ ግማሽ

ውድ አባባ፣

በቅድሚያ አንድ ከባድ ጥፋት እናዘዛለሁ። ይህ ደብዳቤ የተጻፈበት ወረቀት የተሰረቀ ነው። ልጅዎ፣ ማለትም አባቴ፣ የኮት ልክ ከሚያወጣበት ጥቅል ላይ በገዛ እጄ ቀደድኩት። ይቅር ይበሉኝ። ባይሉኝም ማንበብዎን አይተዉ፤ ወሬው ይጣፍጣል።

ለዓይንዎ ሕክምና አክስቴ ዘንድ ከሄዱ ወዲህ ያወጡልኝ ስም ተቆርጦ ቀርቷል። መቀስ ስይዝ እጄ ሄድ መለስ ስለሚል «ፈራ ተባ» ነበር ያሉኝ። «ፈራ ዓይን ነው፣ ተባ እጅ ነው፤ አንዱ ብቻውን ጨርቅ ያበላሻል» ይሉኝም ነበር። አባዬ ግን ትንፋሽ ቆጥቦ «ፈራ» ብቻ ይለኛል። ፈራ፣ ክር አቀብይኝ! ፈራ፣ ካውያውን ንቀይ!

«ተባ ማለት እኮ ደፈረ ማለት ነው» ብዬ ስሟገተው፣

«መዝገበ ቃላቷ! ቁልፍሽን ትከይ» ይለኛል።

ባለፈው ሳምንት የርዕሰ መምህሩ ኮት ተራው ደረሰ። ጨርቁ ትርፍ አንድ ጣት የለውም። አባዬ እጅጌዎቹን በጠመኔ አሰመረና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ መቀሱን ሰጠኝ።

«ካበላሸሽ እስክታረጂ ቁልፍ ስትተክይ ትኖሪያለሽ።»

መቀሱን ከፈትኩ። መስመሩን አየሁ። ዘጋሁ። እንደገና ከፈትኩ።

«ቁረጪው እንጂ! ምን ፈራ ተባ ትያለሽ?»

«አባዬ» አልኩት፣ «ርዕሰ መምህሩ ስንት ግራ እጅ አላቸው?»

መነጽሩን ፍለጋ ኪሱን ዳበሰ፤ መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነበር። ሠላሳ ዓመት ልብስ የሰፋው አባዬ የልኩን ወረቀት ሳይገለብጥ ሁለት ጊዜ አስምሯል፤ ሁለቱም እጅጌ የግራ!

«ጥፋቱ የጠመኔው ነው» አለ በመጨረሻ።

ጠመኔውን ተቀበልኩት። ወረቀቱን ገልብጬ አሰመርኩ። ከዚያ አባባ፣ ማንንም ሳላይ፣ ከብብቱ እስከ አንጓው ባንድ ጉዞ ቆረጥኩት! እጄ ሄደ እንጂ አልተመለሰም።

ዛሬ ርዕሰ መምህሩ መስተዋቱ ፊት ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «እጅጌውን ማን ቆረጠው?» አሉ። አባዬ በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ። ቁልፉን የተከለው ማን መሰለዎት? እሱ ራሱ!

ይቆዩ፣ አባዬ ከመደርደሪያው በኩል እየጮኸ ነው።

«ተባ! አንቺ ተባ! ይህን ጥቅል ማነው የቀደደው?»

ሰሙልኝ? ፈራን ራሱ ቆርጦ ጣላት። ልሂድ፣ አቤት ልበለው።

የልጅ ልጅዎ፣
ተባ