ከቅጽሩ በር ውጪ

ለወንድምዓለም ለናሆም፤

እንዴት ሰነበትክልኝ? ጤናህ፣ እግርህ፣ እንቅልፍህስ? የመጨረሻውን ከልቤ ነው የጠየቅኩህና አትዝለለው። ከሮቢት ሙቀት በቀር ደህና ነን ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ ግን ውሸት ሰልችቶኛል።

ኬላው ላይ በመቶ አለቃህ ታዝዘህ ስለተኮስክባት መኪና ጽፈህልኝ፣ ከእንግዲህ ቤተ ክርስቲያን አልገባም ብለህ ነበር። ዝም ያልኩህ ፈርጄብህ አይደለም። እኔም አልገባም።

ጥር ላይ እሠራበት በነበረው ክሊኒክ የነበረን አንድ የኦክስጅን ሲሊንደር ብቻ ነው። እትዬ ሙሀባ የሚባሉ እናት ተደርጎላቸው ነበር። የባለሀብት ወንድም ታሞ ሲመጣ፣ አለቃዬ ከሳቸው ነቅለሽ ለሱ አድርጊ አለኝ። ነቀልኩ። እጄን እንደያዙኝ ሞቱ። በማግስቱ አለቃዬ አላዘዝኩም ብሎ ፈረመና ተባረርኩ። ሥራ ማጣቴን እችለዋለሁ፤ ሌላ ክሊኒክ ሞልቷል። እጄን ግን የት ላድርገው?

የንስሐ አባታችን አባ ገብረሚካኤል ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጪ ቆሜ አይተውኝ፣ ልጄ ታዝዘሽ ነው፣ የፈጣሪ ፈቃድ ነው አሉኝ። አለቃዬ ያደረገውን በእግዚአብሔር አያላክኩ፤ የነቀለው ደግሞ የኔ እጅ ነው፤ ቀኖናዬን ይስጡኝ አልኳቸው። ከዚያ መስቀላቸውን ይዘው ወጡና አቧራው ላይ አጠገቤ ቆሙ። ጌታም የተሰቀለው ከከተማው በር ውጪ ነው አሉ። ስግደት አልሰጡኝም። ለሟቿ ልጅ እውነቱን ንገሪ፤ እስክትገቢ እኔ እየወጣሁ እጸልይልሻለሁ አሉኝ።

ለልጃቸው ለፋዲላ ነገርኳት። የበሩን መቃን ይዛ አለቀሰች። ዛሬ አፉ አልልሽም አለችኝ፤ ግን እስካሁን እውነቱን የነገረኝ የለም፣ ሐሙስ የእናቴ ሰደቃ ነው፣ ሥጋውን እንደማትነኪ አውቃለሁ፣ ሽንኩርት ትከትፊያለሽ አለች። ሄድኩ። ቀኑን ሙሉ ከተፍኩ። ማንም ብዙ አላናገረኝም፤ ማንም ውጪም አላለኝም።

አንተን ንጹሕ ነህ አልልህም፤ ርኩስ ነህም አልልህም። ሁለቱንም ብለውኛል፤ አንዱም አላሳረፈኝም። ፈቃድ ስታገኝ ና። እሁድ እሁድ በሩ ጋ ብቻዬን እቆማለሁ፤ ያለ አንተ አልገባም።

ፌቨን ሳሚልኝ ብላለች። ጋሼ ታምራት ማንጎው ደርሷል በይልኝ አሉ። እማዬ ስለሁለታችንም ምንም አታውቅም፤ ነጠላህን አጥባ፣ አጥፋ፣ ከኔው ነጠላ ላይ አስቀምጣዋለች።

እህትህ መቅደስ
ሸዋሮቢት፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.