እጇን ባየህ ቁጥር

እሑድ፣ የካቲት 9 ቀን። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ እንደዳመነ ነው፤ ዝናብ ግን የለም። ቤት ውስጥ ያለነው እማዬ፣ እኔና ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ነን።

በምልክልህ ቪዲዮ ሁሉ መጀመሪያ ላይ በድምፄ የምትሰማው ይኸንኑ አይደል? ቀኑን፣ አየሩን፣ ማን እንዳለ። ብዕር ስይዝም ልማዴ አልለቀቀኝም።

ወንድምዬ፣ እንዴት ከርመሃል? ያ ብርድ ሲነካው የሚያስነክስህ ጉልበትህ ተሻለው ወይ? ባለቤትህስ፣ ወገቧ ተሻላት? ትንሿ ልጅህስ፣ የፊት ጥርሷ በቀለላት? በላክልኝ ቪዲዮ ላይ በወለቀው ጥርሷ እያፏጨች ስታነብ አይቻት ብቻዬን ሳቅኩ። እኔ ደህና ነኝ። እማዬም ብዬ ልቀጥል ነበር፣ ብዕሩ እዚህ ላይ ቆመብኝ። ደብዳቤውን የምጽፍልህም ስለዚሁ ነው።

ባለፈው እሑድ ስትደውል፣ እማዬ እንዲህ ከበረታች የዘንድሮውን መምጣትህን እንደምትተወው፣ አለቃህ የሁለት ዓመት ውል እንዳቀረበልህና በወሩ መጨረሻ እንደምትፈርም ነገርከኝ። እኔም “ደግ አደረግክ” አልኩህ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። እውነቱን በስልክ ልነግርህ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር፤ አፌ “ደህና ናት” ማለት ስለለመደ እምቢ አለኝ። በጽሑፍ ይሻላል። ወንድምዬ፣ እማዬ አልበረታችም። በቪዲዮ ላይ በርትታ እንድትታይህ ያደረግኳት እኔ ነኝ።

ከመጀመሪያው ልንገርህ። መንታዎቹን ካሜራዎች ገዝተህ፣ አንዱን ለራስህ አስቀርተህ አንዱን ለእኛ ስትልክ፣ መመሪያው በማላውቀው ቋንቋ የተጻፈ ነበር። ሥዕሎቹን እያየሁ፣ ያልገባኝን ባለ ፎቶ ቤቱን እየጠየቅኩ፣ የነገረኝን በመድኃኒት ካርቶን ጀርባ ላይ እየጻፍኩ ተማርኩ። ያረጀ ኮምፒውተሩን የሸጠልኝ ጊዜ ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ አጠገቡ አስቀምጦ፣ ካሴቱ ላይ የተቀረጸውን በገመድ ወደ ኮምፒውተሩ ማስገባት፣ መቁረጥና መቀጠል አሳየኝ። “እትዬ፣” አለኝ፣ “ሰው ሲያወራ ከመሃል ከቆረጥሽ ምስሉ ይዘላል። ዝላዩ እንዳይታወቅብሽ በላዩ ላይ ሌላ ምስል ጣል አድርጊበት፤ አበባ ይሁን፣ እጅ ይሁን። እጅ የሚያይ ሰው ጥያቄ አይጠይቅም።” ያችን ምክር ካርቶኑ ላይ ሁለት ጊዜ አሰመርኩባት።

አንተ ደግሞ የእማዬን እጅ አሳምሬ እንደማነሳ ስትነግረኝ ኖረሃል። ወንድምዬ፣ እጇን ባየህ ቁጥር እዚያ ቦታ ላይ የሆነ ነገር ቆርጫለሁ።

መጀመሪያ የቆረጥኩት ዘጠኝ ሰከንድ ነበር። ስምህን ልትጠራ አፏን ከፈተች፤ ስሙ ጠፋባት። ዘጠኝ ሰከንድ ሙሉ ጣሪያ ጣሪያውን ስታይ ቆይታ አገኘችው። ዕድሜ ነው ብዬ እጇን ጣል አደረግኩበት። በሚቀጥለው ጊዜ ጨርሶ አላገኘችውም፤ ከካሜራው ኋላ ሆኜ ሹክ አልኳት፣ ከዚያ የራሴን ሹክሹክታ ቆረጥኩ። ሐኪሙ የመርሳት በሽታ እንደሆነና ወደ ኋላ እንደማይመለስ ሲነግረኝ፣ በሰው አገር የሚለፋን ሰው ምን አስጨንቀዋለሁ ብዬ ዋጥ አደረግኩት። ስልክ ላይ የማላቀርባትም እንደነገርኩህ ጆሮዋ ደክሞ አይደለም። ድምፅህ ከየት እንደሚመጣ ግራ እየገባት ትፈራለች። አሁን ከአንድ ሰዓት ካሴት ውስጥ አራት ደቂቃ ካገኘሁ ቀንቶኛል።

አንተ የምታየው ወንበሩን፣ አበባ ያለበትን መጋረጃና የታጠፈውን ብርድ ልብስ ነው። በዚህ ቤት ውስጥ ሥርዓት ያለው ያ ሁለት ክንድ የሚሆን ቦታ ብቻ ነው። ካሜራውን ትንሽ ወደ ግራ ባዞረው የሚታጠብ አንሶላ የሞላበት ሳፋ ታያለህ። ወደ ቀኝ ባዞረው በሩን ታያለህ፤ በሩ ሁለት ቁልፍ አለው። “ልጆቼ ከትምህርት ቤት አልተመለሱም” ብላ በባዶ እግሯ ወጥታ አውራ መንገዱ መሃል ከተገኘች ወዲህ ከውስጥ እቆልፋለሁ። ቁልፎቹን በክር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ነው የምውለው። ስተኛም አላወልቃቸውም፤ ደረቴ ላይ ምልክታቸው ወጥቷል። ዳቦና መድኃኒት የምታመጣልን ልብስ ሰፊዋ ናት። ከደጃፉ ካለፍኩ ሰባት ሳምንት ሆነኝ። እማዬ በሩን ስትገፋ ትውላለች፣ እኔ በሩን ስጠብቅ እውላለሁ፤ የተቆለፈው በማንኛችን ላይ እንደሆነ አንዳንዴ ይምታታብኛል።

ልብስ ሰፊዋ መቼም ቀልዷን አትተውም። ኮምፒውተሩ ፊት ስቀመጥ አጠገቤ መጥታ፣ ይኼ ነገር እንዲህ የሚቆርጥ ከሆነ ከእሷም ወገብ ላይ ትንሽ እንዲቀንስላት ትጠይቀኛለች። ባለፈው ሳምንት ግን ስቆርጥ አየችኝና፣ “አንቺ ሴትዮ፣ እኔ ጨርቅ ስቆርጥ ቁራጩ እግሬ ሥር ይወድቃል፤ ማታ እጠርገዋለሁ። ያንቺ ቁራጭ የት ነው የሚወድቀው?” አለችኝ። ተነስቼ አንሶላዬን ማጠብ ቀጠልኩ።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ምርቃቱ ነው። “የሄድክበት ይቅናህ፣ የያዝከው ይበርክትልህ” ያለችህ የዛሬ ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ምርቃት ከአፏ አልወጣም። ስለዚህ የድሮውን እየቆረጥኩ አዲሱ ላይ ቀጠልኩት። ሦስት ጊዜ ተመረቅክ፣ ሦስቱም አንድ ናቸው። ትንሿ “የአያቴ ግራጫ ሻሽ በአንዴ አረንጓዴ ሆነ” ማለቷን እየሳቅክ ስትነግረኝ አብሬህ ሳቅኩ። ስንት ትልልቅ ሰው እያለ ያየችው እሷ ናት።

ሐሙስ ዕለት ያልተቆረጡትን ካሴቶች ልልክልህ ቆርጬ ተነሳሁና ከጫማ ካርቶኑ ውስጥ አወጣኋቸው። የምርቃቱን ካሴት ከዳር እስከ ዳር አየሁት። ምርቃቱ “ይበርክትልህ” ላይ አያልቅም፤ እኔ ረስቼው ኖሯል። ያን ቀን አእምሮዋ ጥርት ብሎላት ነበር። ወደ እኔ አየች፣ ከዚያ ወደ ካሜራው ዞራ፣ “እህትህን ግን ተመልከታት። እኔን ስትጠብቅ ዕድሜዋ አለቀ። ና፣ አንድ ጊዜ አሳርፋት” አለችህ።

እሱን የቆረጥኩት አፍሬ ነው። ያስጠናኋት እንዳይመስልህ ፈራሁ። በቪዲዮው መጨረሻ ላይ ያየኸው እጇ ያረፈው በዚያ ንግግር ላይ ነው።

ወንድምዬ፣ አሁን እኔም በራሴ አፍ ልበልህ፤ ና። ደክሞኛል። ውሉ የአንተ ነው፣ ፈርም አትፈርም አልልህም፤ ብቻ አይተህ ወስን። እማዬ አሁንም አልፎ አልፎ ለአንድ ለሁለት ደቂቃ ትመለሳለች። ከነዚያ ደቂቃዎች በአንዱ እዚህ ብትገኝ እወዳለሁ።

አራት ካሴት ነው የምልክልህ። መንታው ካሜራህ ያጫውታቸዋል። መጀመሪያ ብቻህን ሆነህ እያቸው፣ ትንሿን አጠገብህ አታስቀምጣት። በመጨረሻው ካሴት ላይ እማዬ “አንቺ ልጅ” የምትለው እኔን ነው። ወደ ቤቴ የምሄደው መቼ እንደሆነ ትጠይቀኛለች፤ አትደንግጥ፣ እኔ ለምጄዋለሁ።

ባለቤትህን በጣም ሰላም በልልኝ፤ የላከችልኝ ሹራብ ልክ ሆኖልኛል። አማትህንም እንዲሁ። ትንሿን ግንባሯን ሳምልኝና ዓይኗ እንዳልተሳሳተ፣ ሻሾቹ ሁለት እንደነበሩ ንገራት። ልብስ ሰፊዋም ሰላም ብላሃለች፤ ስትመጣ ሱሪህን በነፃ ታሳጥርልሃለች።

እህትህ
ከእማዬ ቤት፣ ከወንበሩ ፊት ለፊት
የካቲት 9

ሰኞ፣ የካቲት 10 ቀን። ሰማዩ ጠርቷል። ከቤታችን ሰው እዚህ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እማዬን አጠብኳት፣ ቁርሷን አበላኋት፣ አረንጓዴውን ሻሿን አሰርኩላት። ሁለት ሰዓት ላይ ልብስ ሰፊዋ መርፌና ክሯን ይዛ መጣች። ቁልፎቹን ከአንገቴ አውልቄ ሰጠኋት። ጫማዬን ሳጠልቅ እማዬ ከወንበሯ ላይ ሆና አየችኝና፣ “ወደ ቤትሽ ልትሄጂ ነው? በይ እናትሽን ሰላም በይልኝ” አለችኝ። እሺ እላታለሁ አልኳት። በሩ ከኋላዬ ሲቆለፍ ሰማሁ። ዳቦ ቤቱን፣ ፎቶ ቤቱን አልፌ በእግሬ መጣሁ። ይህን የምጽፈው ፖስታ ቤት ባንኮኒ ላይ ቆሜ ነው። ሠራተኛው ካሴቶቹን መዝኖ፣ ልሽገው ወይ እያለ እየጠበቀኝ ነው። አራቱም ሙሉ ናቸው። ምንም አልቆረጥኩም።