ቀዘፋ በዳቦ ሳጥን ላይ

ዲሴምበር 8፣ 2020

ሱቁ ጭር ብሎ ዋለ። ሁለት የዳቦ ሳጥን ደርድሬ፣ ባፈና ያዋሰኝን የማዕበል መንሸራተቻ ሰሌዳ፣ ቦዲቦርዱን፣ ላያቸው ላይ አጋድሜ፣ በሆዴ ተኝቼ ቀዘፍኩ። ሰፈራችን አይቮሪ ፓርክ ውስጥ፣ ከስኳር ጆንያ ጎን! ባሕሩ ያለው ደርባን ነው... የስድስት ሰዓት መንገድ። ምን ይጠበስ? ባፈና ጎረቤታችን ነው፤ አያቱ እዚያ ናቸው። ለፈረንጆች አዲስ ዓመት ነይ ብለውኛል። አባዬ "እናያለን" ብሏል።

ስቀዝፍ አባዬ ገባ።

"ፍሬገነት! ምን ሆነሽ ነው?"

"ማዕበል ላይ መንሸራተት እየተለማመድኩ።"

"ቧንቧው እንኳ ሲፈልግ በሚመጣበት ከተማ? ተነሺ! በደረቱ የሚሄድ እባብ ብቻ ነው።"

"እባብ ትከሻ የለውም አባ። እኔን ግን ያመኛል።"

ጫማውን ማውለቅ ሲጀምር ሮጥኩ።

ያመኛል ያልኩት ቀልድ አልነበረም። ቀኝ ትከሻዬ እንደ ጥርስ ይጠዘጥዘኛል። እንዲህ ሆኜ ባሕር ውስጥ ምን ልሠራ ነው?

ዲሴምበር 11

ባፈና ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ ሲያየኝ ቆየ። "ታክሲ እያስቆምሽ ነው እንዴ?" አለኝ። ለካ ክንዴን ገትሬ እየወነጨፍኩ ኖሯል። አስተካከለኝ። ደረት ቀና፣ አንገት ዘና። እጅ ውሃ ውስጥ የሚገባው በየትከሻው ፊት ለፊት ነው፤ ወደ መሃል አይሻገርም። ክርን እጥፍ። መጎተት በጀርባ ጡንቻ። አንዱ እጅ ሲሠራ ሌላው ይረፍ።

"ከማን ጋር ነው የምትጣዪው? ቀስ በይ!"

ዲሴምበር 12

አላመመኝም!!

ዲሴምበር 29

የባሕር ዳርቻ ሁሉ ተዘጋ። ትናንት ማታ በቴሌቪዥን ተነገረ። የኮሮናው ሁለተኛ ዙር በርትቷል አሉ። ባፈና ቀድሞ ሄዷል፤ እኔ በአውቶቡስ ልከተል ነበር...

አባዬ "አየሽ? ጌታ ያውቃል" ብሎ ሳቀ። ጌታን የሱቃችን ዘበኛ አደረገው እኮ። ሳቁ ግን በሳል አለቀ።

ጃንዋሪ 5

ኮሮና ነው። አባዬ።

አክስቴ ኤርጎጌ ብርድ ልብስ አልብሳ በባሕር ዛፍ አጠነችው። እሱን ልታድን ነው ልትቀቅል? ሆስፒታል ደወልን። አልጋ የለም። ጠብቁ። እስከ መቼ?

ጃንዋሪ 6

ከክሊኒክ አንዲት ነርስ ደወለች። "በጀርባው አይተኛ። በደረቱ ይሁን፣ ሳንባው እንዲከፈት።" ተርጉሜ ነገርኩት። ከዚያ በተቆራረጠ ትንፋሽ፣

"እኔ... እባብ ነኝ?"

ልስቅ ነበር። ፊቱን ሳይ ቀረብኝ።

"ሽጉጤ፣ ልጅቷ ያለችህን አድርግ!" ብላ አክስቴ አባዬን በስሙ ጠርታ ጮኸችበት። ገለበጥነው። ጥቂት ቆይቶ ቃተተ። "ትከሻዬ... አልችልም፣ መልሱኝ።" ነርሷ ደግሞ እንዳይመለስ ብላለች። ጣቱ ላይ ባደረግንለት መለኪያ ኦክስጅኑ እየወረደ...

አየሁት። ሁለቱንም እጁን ከራሱ በላይ ገትሮ፣ አንገቱን ትራስ ውስጥ ቀብሮ። ይሄማ እንዴት እንደሚያም አውቀዋለሁ!

"ቆይ አባ።" ትራሱን ከደረቱ ሥር አደረግሁ። አንዱን ክንድ ክርኑን አጥፌ ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ጎኑ ታች። ፊቱ ወደ ፊተኛው እጅ። ትንሽ ቆይቶ በተራው ሌላው።

"ምን... እያደረግሽኝ ነው?"

"እየቀዘፍክ ነው።"

"ወዴት?"

ወደ ጆሮው ጎንበስ አልኩ።

"ወደዚህ" አልኩት።

ቁጥሩ ቀስ እያለ ወጣ።

ጃንዋሪ 7

በደረቱ ተኝቷል። እጁን ስቀያይርለት አልነቃም። ያን ሁሉ ጆንያ የተሸከመው ትከሻ... እንዲህ ቀጭን ነበር? መቼ ቀጠነ? ስቀልድበት እንጂ አይቼው አላውቅም ማለት ነው?

ጃንዋሪ 15

"ሾርባው ጨው የለውም!" ብሎ ተቆጣ። አክስቴ፣ "ምላስህ ነው ጨው የሌለው!" አለችው። እሷም ወጥ ቤት ገብታ አለቀሰች። ተርፏል።

ፌብሯሪ 2

የባሕር ዳርቻው ተከፈተ። ሱቁን የያዝኩት እኔ ነኝ። አባዬ ገና ግማሽ ጆንያ እንኳ አያነሳም፤ ወንበር ላይ ሆኖ ያዛል። ማዘዙ ላይ ምንም አልደከመም።

ጠዋት፣ "ፍሬ፣ ደርባን ሂጂ። እኔ እችላለሁ" አለኝ። ይህን ለማለት ራሱ ሁለቴ አረፈ። አልሄድም። አልከፋኝምም... ይገርማል።

ከሰዓት ባፈና ከውሃው ዳር ደወለ። "ስሚ!" ብሎ ስልኩን ወደ ማዕበሉ ዘረጋው።

"ምንድነው እሱ?" አለ አባዬ።

"ባሕሩ ነው።"

እጁን ዘረጋ። ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ።

"ይተነፍሳል" አለ።

አንድ ደንበኛ "ዳቦ!" እያለ የሱቁን ፍርግርግ አንኳኳ። አባዬ ዓይኑን ሳይገልጥ ጣቱን አነሳ። ይጠብቅ።