ትርፍ ሆኜ አልጫንም

ለአስካልዬ፣

ከሁሉ አስቀድመሽ አንድ ነገር እንድትረጂልኝ እፈልጋለሁ፦ ቤታችንን ለቅቄ አልሄድም። ልጃችን ሕይወት የፊታችን እሑድ አይሱዙ ተከራይታ ዕቃዬን ልትጭን፣ እኔንም ቡራዩ ወደሚገኘው ቤቷ ልትወስደኝ ወስናለች። እኔ ደግሞ ላለመሄድ ወስኛለሁ። የቀረውን ይህንን ይዘሽ አንብቢው።

ከተለየሽኝ አሥራ አንድ ወር ሆነ። አርባሽ ወጣ፣ ሰማንያሽም ወጣ፣ ሙት ዓመትሽ እየደረሰ ነው። ሕይወት «ከሙት ዓመቱ በፊት ቤቱ ይከራይ» የምትለው ክፉ አስባ አይደለም። ፈርታ ነው። የምትፈራበት ምክንያትም አላት፣ አልደብቅሽም። በክረምቱ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተንሸራትቼ ወገቤን አመመኝ፣ ሁለት ሳምንት በከዘራ ሄድኩ። ግን ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። በግድግዳው ላይ የብረት መያዣ አስበየድኩ፣ ወለሉን ሸካራ ሲሚንቶ አስለሰንኩ፣ ስልኬን ከኪሴ አላወጣም።

ከዚያም ከዘይነባ ጋር ተዋዋልኩ። ሱቋ አሁንም ከበራችን ፊት ለፊት ነው። ውሉ እንዲህ ነው፦ ጠዋት ስነሣ በመንገዱ በኩል ያለውን መስኮት እከፍታለሁ፤ እስከ ሁለት ሰዓት ካልተከፈተ መጥታ ታንኳኳለች። ሰባት ወር ሙሉ አልተሳሳትኩም። አንድ እሑድ ግን ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ስቸኩል መስኮቱን ረስቼ ወጣሁ። ስመለስ የግቢው በር ከማጠፊያው ተነቅሎ ግድግዳው ላይ ተደግፏል፤ ዘይነባ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ከሁለት ጎረምሶች ጋር መሐል ግቢ ቆማለች። ነጠላ ለብሼ ስገባ ስታየኝ መጀመሪያ ቁጭ አለች። ከዚያ «ጋሼ፣ ሁለተኛ እንዲህ እንዳያደርጉኝ። ቢሞቱም እንኳ መስኮቱን ከፍተው ይሙቱ» አለችኝ። ብታዪኝ እንዴት እንደሳቅሁ። በሩን ያው ጎረምሶቹ መልሰው ገጠሙት፤ አሁን ከድሮው በተሻለ ይዘጋል። ይህንን ለሕይወት ስነግራት አልሳቀችም። «አየህ አባዬ» አለችኝ። እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው፤ ሰው ብቻውን ሲኖር ማን እንደሚደርስለት ነው ያየሁት።

ቤቱ ደኅና ነው። ሽሮ መሥራት ተምሬአለሁ፤ ሦስት ጊዜ አሳረርኩ፣ በአራተኛው ተበላ። መጠኑን በወረቀት ጽፌ ከምድጃው በላይ ለጥፌዋለሁ። የአንቺ መለኪያ እጅሽ ነበር፣ እሱን መጻፍ አልተቻለም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሱሉልታ መሄዴንም አላቆምኩም። ሕይወትን በጣም የሚያናድዳት ይህ ነው። «ለአንድ ሻይ ብለህ ከሰበታ ሱሉልታ ሦስት ታክሲ ትቀያይራለህ?» ትለኛለች። እርጎ ነው እንጂ ሻይ አይደለም ብዬ አርሜአታለሁ። የእርጎ ሻጯን የአዴ ጫልቱን ቤት እሷ አታውቀውም። ትዝ ይልሽ ከሆነ መጀመሪያ የገባን ቀን እርጎ ስናዝ «ዛሬ አልረጋም፣ አልሰጣችሁም» ብላ ነው የከለከለችን። አንቺ ከፋብሪካው የጨርቅ ምርመራ ክፍል ጡረታ ከወጣሽ ገና ወርሽ ነበር። «የራሷን ዕቃ ጉድለት የምትናገር ነጋዴ አገኘሁ» አልሽ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ቤት እንግባ ብልሽ እንኳ እሺ አላልሽም። ብቻዬን የሄድኩ ቀን ከበሩ ላይ ሆና «አካም ጅርቱ? አዴ አስካለስ?» ብላ ደኅንነቴንም አንቺንም ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ሌሎች ደንበኞች እየጠሯት ከጎኔ ተቀመጠች፤ አላባበለችኝም። ቆየት ብላ ተነሣችና «የዛሬው ጥሩ ነው» ብላ እርጎ አመጣችልኝ። እውነትም ጥሩ ነበር። ከቤቷ ፊት ያለውን ሜዳ እያዩ መቀመጥ ለእኔ ቅንጦት አይደለም። ሳምንቱ የሚቆምበት ምሰሶ ነው፤ ለማንም ደኅንነት ተብሎ አይነቀልም።

አሁን የማፍርበትን ልጻፍልሽ። በሕይወት ሳለሽ ማለት ነበረብኝ።

ከብዙ ዓመት በፊት፣ ዝናብ በሚጥልበት አንድ ጠዋት፣ ለስኳርሽ ቀጠሮ ነበረሽ፤ እኔም ለተማሪዎቼ የምሰጠው ፈተና ነበረብኝ። ታክሲው ሞልቶ ነበር። ለእኔ መጨረሻው ወንበር ላይ ቦታ ተገኘ፤ አንቺን ግን በወንበሮቹ መካከል በተጋደመችው ጣውላ ላይ ሊያስቀምጥሽ ረዳቱ «አንድ ትርፍ ናት፣ ጠጋ ጠጋ በሉላት» አለ። አንቺም «እኔ ትርፍ አይደለሁም፣ ሙሉ ሰው ነኝ» ብለሽ ወረድሽ። ሰዉ ሳቀ። እኔ የፈተናውን ወረቀት ጉልበቴ ላይ ይዤ ዝም አልኩ። አልወረድኩም። መስኮቱ ጉም ለብሶ ስለነበር ከውጭ አይተሽኝ እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ያን ቀን ክፍል ገብቼ ወረቀት ሳድል ተማሪዎቼን ስለ ሥርዓት መከርኳቸው። ማታ እራት አቀረብሽ፤ ስለ ታክሲው አንድ ቃል አልተናገርሽም፣ እኔም ይቅርታ አልጠየቅሁም።

አሁን እወርዳለሁ። ዘግይቷል፣ አውቃለሁ። ትርፍ ከተጫነ፣ በእኔ ወንበር ላይ ባይሆንም፣ ከሰበታ መናኸሪያ በዚያ ታክሲ አልወጣም። ጣውላዋ ላይ የሚቀመጠው ሰው ታክሲው ድንገት ቢቆም የሚይዘው ነገር የለውም። ተራ አስከባሪው ቶላ ሲያየኝ ከሩቅ «ቲቸር መጡ፣ ትርፉን አውርዱ» ብሎ ይጮኻል። መቀለዱ ነው፤ ግን ያወርዳል። ሁሉም ሰው አይወደኝም። በቀደም አንዲት ወጣት «አባቴ፣ እርስዎ ጡረታ ላይ ነዎት፤ እኔ ፊርማ አለብኝ» አለችኝ። ልክ ናት። እኔም ያን ጠዋት እንደ እሷ ነበርኩ። ቢሆንም ወረድኩ። ሁለት ሰዎች ተከትለውኝ ወረዱ፤ እሷ ሄደች፣ አልፈረድኩባትም።

ባለፈው ሳምንት ሕይወት ቤት ሄጄ ነበር። ቤቷ ሁለት ክፍል ነው። ልጆቹን ሳሎን አስተኝታ አንዱን ክፍል ለእኔ ልትለቅልኝ አስባለች፤ አልጋው የሚቆምበትን ቦታ እንኳ በሜትር ለክታዋለች። ባሏም ደግ ሰው ነው፣ «ምን አለበት አባባ፣ ትንሽ ጠጋ ጠጋ እንላለን» አለኝ። ያችን የታክሲውን ቃል ስሰማ ቆሜ ቀረሁ። ባሏ ምን እንደተናገረ አያውቅም። እኔ ግን ያን ሰዓት መልሴን አገኘሁ። ትልቁ ልጅ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የሚያጠናው እኔ እንድተኛ ከሆነ፣ ያ ቤት ጭነቱ ሞልቷል። ጣውላ አጋድመው ቢያስቀምጡኝ በፍቅር ነው። በፍቅርም ቢሆን ትርፍ ነው። የራሴ ወንበር ሰበታ አለ፣ አልተሰበረም።

ይህንኑ ነገርኳት። አልጮኽኩም፤ አንድ በአንድ አስረዳኋት፦ መስኮቱን፣ የብረት መያዣውን፣ ዘይነባን። ጨርሳ ሰማችኝ። ከዚያ አለቀሰች። «እሺ፣ ሁሉም ይሁን። እማዬ ሆስፒታል የነገረችኝን ምን ላድርገው? ‘አባትሽን ብቻውን እንዳትተዪው’ ብላኛለች» አለች። ይህንን በአሥራ አንድ ወር ውስጥ ነግራኝ አታውቅም ነበር።

አርባ ዓመት ያስተማርኩት አማርኛ ነው። «እንዳትተዪው» ማለት «ውሰጂው» ማለት አይደለም። ጠይቂው፣ ደውዪለት፣ እሑድ እሑድ ልጆቹን ይዘሽለት ነዪ ማለትም ይሆናል። ይህንን ሁሉ ለሕይወት ነገርኳት። «አባዬ፣ አንተ ቃሉን ነው የምታርመው፤ እኔ ፊቷን አይቻለሁ» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አስካልዬ። አንቺ ያን ስትነግሪያት እኔ ከክፍሉ ውጭ ከሐኪሙ ጋር እየተነጋገርኩ ነበር። ፊትሽን አላየሁም።

እኔ አንቺን ለመርሳት ቤት የምቀይር ሰው አይደለሁም፤ ለማስታወስም ቤት አያስፈልገኝም፣ የትም ብሆን አስታውስሻለሁ። ስለዚህ የማልሄደው በትዝታ ታስሬ ነው ብለሽ አታስቢ። የማልሄደው ገና ሙሉ ሰው ስለሆንኩ ነው። ለሕይወትም፣ ለባሏም፣ የዘመድ ሽማግሌም ቢላክብኝ ይህንኑ እመልሳለሁ። ይህንን ሊያስቀይረኝ የሚችል ሰው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም አንቺ ነሽ። ውሰጂው ማለትሽ ከነበረ ንገሪኝ፤ ሳልከራከር ሻንጣዬን እዘጋለሁ። ግን ከአፍሽ መስማት አለብኝ፤ በሌላ ሰው አፍ የመጣ ቃል አልቀበልም። በሕልምም ይሁን በሌላ፣ መንገዱን አንቺ ታውቂያለሽ። መኪናው የሚመጣው እሑድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት መልሺልኝ።

ባለቤትሽ
ሰበታ