ለመኪናዋ የምትደውዪው

ይድረስ ለልጄ ለማርያማዊት። እመብርሃን በሄድሽበት ትከተልሽ። እኛ ደህና ነን፤ ገብሱም ታጭዷል።

ለወንድምሽ ለየሽዋስ የገዛሽለት ያገለገለች መኪና ግን አሁንም መብራቷ እየጠፋ ታስቸግራለች። ባለፈውም ሮብ ገበያ መንገድ ላይ ቆመችብን። ፊውዟ ቢቀየርም ሳምንት አልቆየችም። በተበላሸች ቁጥር እየደወልሽ «ባትሪዋስ? ዲናሞዋስ?» ስትዪው ትውያለሽ። እኔ ጉልበቴን አሞኝ ስተኛ ግን «እማዬን ሰላም በልልኝ» ብለሽ ዘጋሽ። ሰው በብረት ይቀናል? እኔ ቀናሁ።

ሐሙስ ዕለት አልነሳ ያለችው፣ ፊውዟን የቀየረው ኤሌክትሪሺያን ሲፈታ አይቼ የባትሪዋን ሽቦ ስለነቀልኩት ነው። ወዲያው ደወልሽ፤ ድምፅሽን በር ላይ ቆሜ ሰማሁት። የምጽፍልሽም የሽዋስ እንዳይሰማ ነው።

የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ። እስቲ አንድ ቀን፣ መኪናዋ ደህና ሳለች፣ ለእኔ ደውዪልኝ።

እናትሽ የብርጓል