ቁጭ ብሎ መታመም ስላልቻለው ባለቤቴ

ለተከበሩ የቤተሰብ ምክርና የሥነ ልቦና ድጋፍ ማዕከል ዋና ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለእንቅልፍዎና ለምግብ ፍላጎትዎ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ሙሉ ደህንነትዎን ከነቤተሰብዎ እመኛለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ማለቴም ማዕከልዎ ባዘጋጀው ቅጽ ላይ «አሁን ያሉበት ሁኔታ» ለሚለው ጥያቄ የተሰጡት ምርጫዎች «ደህና» እና «ሌላ» የሚሉ ሁለት ብቻ ስለሆኑና «ሌላ»ን የመረጠ ሰው ተጨማሪ ሦስት ገጽ እንደሚሞላ ከልምድ ስላወቅሁ ነው።

ጊዜዎ ውድ መሆኑን ባውቅም፣ ማን እንደሆንን ካልነገርኩዎ ምስጋናዬ መሠረት አይኖረውም። እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ። ባለቤቴ በሰባት ቁጥር መስመር ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የነዳ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። «ነበር» እንበል ወይስ «ነው» የሚለውን በቤታችን ገና አልቆረጥንበትም። የዛሬ ስምንት ወር አንድ ጠዋት፣ ከዱቄት ፋብሪካው አጠገብ ካለው ኩርባ ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ከቆመ የጭነት መኪና ኋላ ብቅ ብለው መንገዱ መሐል ገቡ። ባለቤቴ ፍሬኑን እስከ ወለሉ ረገጠው፤ አልደረሰም። ሽማግሌው እዚያው አረፉ። የትራፊክ ፖሊስ መንገዱን ለክቶ፣ ምስክሮች ሰምቶ፣ በሦስተኛው ሳምንት «ጥፋተኛ አይደለም» የሚል ወረቀት ሰጠው። ወረቀቱን ቆሞ አነበበው። ከዚያን ቀን ወዲህ አልተቀመጠም።

ለማጋነን ብዬ አይደለም። ሲተኛ ይተኛል፣ ሲነቃ ይቆማል፤ በመካከሉ ያለውን ነገር እርግፍ አድርጎ ትቶታል። ምሳውን ቆሞ ይበላል። የጫማውን ክር ግድግዳ ተደግፎ ያስራል። ግድ ብለን ወንበር ላይ ያስቀመጥነው እንደሆነ ቀኝ እግሩ ለብቻው ወለሉን መርገጥ ይጀምራል፤ የሌለ ፍሬን ይፈልጋል። ከዚያ ይነሣና ከመኝታ ቤት እስከ በር፣ ከበር እስከ መኝታ ቤት ይመላለሳል። እኔ የስፌት መኪናዬን በእሱ እርምጃ ልክ መርገጥ ከለመድኩ ቆየሁ።

የአሥራ አንድ ዓመት ልጃችን አባቷን እያየች ቆማ መብላት ጀመረች። «ልጅ ነች፣ ትተዋለች» ብዬ አለፍኩት። ቀጥላ ትምህርት ቤት ልትሄድ ከወጣች በኋላ፣ መኖሩን ለማረጋገጥ ከደጅ እየተመለሰች ታየው ጀመር፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ። አንድ ቀን መምህርቷ አስጠርታኝ፣ «በየሩብ ሰዓቱ ቤት ልደውል ትለኛለች። ምን ብዬ ልከልክላት?» አለችኝና የማዕከልዎን አድራሻ በደብተር ቅዳጅ ጻፈችልኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኛም ሳንደብቅ፣ ፀጉራችንን አበጥረን፣ ሦስታችንም መጣን።

ያገኘነው አገልግሎት ብዙ ስለሆነ እንዳይምታታብዎ በቁጥር አቀርበዋለሁ።

አንደኛ። ማዕከልዎ ሰውን በሦስት መስኮት ከፍሎ ስለሚያስተናግድበት ጥበብ ያለኝን አድናቆት ልገልጽልዎ እወዳለሁ። መስኮት አንድ የሕፃናት ነው። እዚያ ያሉት ወይዘሮ ልጄን በጥሞና ካዩ በኋላ፣ ችግሯ ከአባቷ የመጣ ስለሆነ መጀመሪያ እሱ መታየት እንዳለበት አስረዱኝ። መስኮት ሁለት የአዋቂዎች ነው። እዚያ ያለው ጎልማሳ ደግሞ፣ ባለቤቴ የሚያወራው ስለ ልጁ ብቻ በመሆኑ ጉዳዩ የቤተሰብ ነው አለኝ። በመስኮት ሦስት የተቀመጡት አዛውንት በበኩላቸው፣ የቤተሰብ ምክር የሚጀመረው የልጅም የአዋቂም ፋይል ተጠናቆ ሲቀርብ መሆኑን በትሕትና ገልጸው ወደ መስኮት አንድ መለሱኝ። እንዲህ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆኜ በአንድ ወር ውስጥ ስድስት ጊዜ ዞርኩ። እስከዚያ ድረስ የታመምነው አንድ ላይ ይመስለኝ ነበር።

ሁለተኛ። በሕፃናቱ ቅጽ ላይ «ጭንቀትህን/ሽን በራስህ/ሽ ቃል ግለጽ/ጪ» የሚል ጥያቄ ከነሁለት መስመሩ አለ። ልጄ እርሳሱን ይዛ ብዙ ካሰበች በኋላ እንዲህ ብላ ጻፈች፤ «አባዬ ሥራ ከሄደ ሰው ይሞታል ብሎ ይፈራል። ቤት ከቀረ ደግሞ እሱ ይሞታል ብዬ እኔ እፈራለሁ። ስለዚህ የት ይሁን?» የመስኮቱ ወይዘሮ ተቀብለው አዩትና፣ ጽሑፉ ከመስመሩ ስለወጣ አዲስ ቅጽ ሰጧት። በአዲሱ ቅጽ ላይ «ደህና ነኝ» ብላ ጻፈች። በልኩ ገባ፤ ማኅተም ተመታበት። አንድ ሕፃን ሐሳቡን አሳጥሮ መጻፍ እንዲለምድ ማዕከልዎ ያደረገውን አስተዋጽኦ እኛ ወላጆች መቼም አንረሳውም።

ሦስተኛ። ስለ መጠበቂያ ክፍሉ ነው። ሃያ አራት የፕላስቲክ ወንበሮች ከወለሉ ጋር በብሎን ታስረዋል፤ ከበላያቸው «ተቀምጠው ይጠብቁ» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ተሰቅሏል። ባለቤቴ እንደ ልማዱ ከበሩ እስከ ውሃ ማጣሪያው ይመላለስ ጀመር። ጥበቃው ቀረብ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ይቀመጡ እንጂ፣ ሰው ይረበሻል» አለው።

«እኔን ያመመኝ እኮ መቀመጡ ነው» አለ ባለቤቴ።

«እሱን ውስጥ ይንገሯቸው። ውስጥ የሚገባው ግን ተቀምጦ የጠበቀ ነው።»

ጥበቃውን አልወቅሰውም፤ የታዘዘውን የሚሠራ ጨዋ ሰው ነው። ባለቤቴ ሰው ላለማስቸገር ወደ ግቢው ወጣ። በወጣበት ስሙ ተጠራ። ስመልሰው ፋይሉ ተዘግቶ፣ «ተገልጋዩ በራሱ ፈቃድ አገልግሎቱን አቋርጧል» ተብሎ ተጽፎበት ነበር። አቤት ብዬ ለእርስዎ ጻፍኩ፤ ማዕከሉ የተገልጋዮችን ምቾት በእኩልነት ለመጠበቅ ከመቀመጫ ሥርዓቱ ፈቀቅ እንደማይል በፊርማዎ አሳወቁኝ። ፊርማዎ ያምራል።

ያን ደብዳቤ ባገኘን ማግስት ባለቤቴ ጠዋት ወጥቶ አልተመለሰም። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትደውል ስልኩን የማነሣው እኔ ሆንኩባት፤ ደብተሯን ትታ ከክፍል ወጣች። እኔ በአንድ በኩል፣ እሷ በሌላ በኩል ስንፈልግ ዋልን። ያገኘችው እሷ ናት። የሰባት ቁጥርን መስመር ከመነሻው ጀምሮ በእግሩ እየሄደ ነበር፤ በየፌርማታው ይቆማል፣ ሰው የሚወርድበትን ያህል ይጠብቃል፣ ከዚያ ይቀጥላል። ከጎኑ ሆና እስከ መጨረሻው ፌርማታ አብራው ሄደች። እኔ ስደርስ ሁለቱም እዚያ ቆመዋል። «እማዬ፣ ኩርባው ጋ ስንደርስ እጄን ያዘኝ» አለችኝ። 

አራተኛ። በዚህ ቁጥር ሥር የማቀርበው እውነተኛ ምስጋና ስለሆነ፣ ከቀሩት ጋር እንዳይደባለቅብዎ በትሕትና አሳስባለሁ። በተከታዩ ሐሙስ፣ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ ፋይሉ እንዲከፈትልኝ ልለምን ሁለቱንም ይዤ መጣሁ። ባለቤቴ ግቢው ውስጥ ሲዞር፣ ልጄ በዓይኗ ስትከተለው፣ አንዲት ወጣት የምክር ባለሙያ ከሕንፃው ወጣች። ሸራ ጫማ አድርጋ ስለነበር ልጄ «ባለሸራዋ» ብላ ሰየመቻት፤ እኔም እንዲሁ እጠራታለሁ።

«ጋሼ፣ አብሬዎት ብራመድ ይከብድዎታል?» አለችው።

«አንቺ ሥራ የለሽም እንዴ?»

«ይኸው ሥራዬ ነው።»

እኔና ልጄ ደረጃው ላይ ሆነን አየናቸው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዙሮች እሱ በሚረግጠው ልክ እየረገጠች ዞረች። በአራተኛው ባለቤቴ እጁን እያወናጨፈ ይናገር ነበር። በሰባተኛው ከውሃ ታንከሩ አጠገብ ቆመና አለቀሰ። እሷ «አይዞዎት» አላለችውም፤ ትከሻውንም አልነካችውም። እስኪጨርስ ከጎኑ ቆመች፣ ከዚያ እንደገና መራመድ ጀመሩ።

የነገራት የራሱ ነው። እንድጽፍ የፈቀደልኝ አንዲቱን ብቻ ነው። ሽማግሌው ከመኪናው ኋላ ሲወጡ እጃቸውን አንሥተው ነበር። ባለቤቴ አውቶቡሱን ሊያስቆሙ መስሎት፣ «እዚህ ፌርማታ የለም» ብሎ በልቡ ተቆጣቸው። ያች ቅጽበት ናት ስምንት ወር ሙሉ ያስሄደችው። የሰው ልጅ የመጨረሻ ደቂቃ ላይ ተቆጥቶ የተገኘ ሰው ምን ብሎ ይቀመጣል? የፖሊሱ ወረቀት ይህን አያውቅም። እኔ አሥራ አራት ዓመት አብሬው የኖርኩትም አላወቅሁም። ባለሸራዋ በሰባት ዙር አወቀች።

ስድስት ሐሙስ መጣን። በሦስተኛው ልጄንም ይዛት ዞረች፤ ጠዋት ከደጅ ስንት ጊዜ እንደምትመለስ ጠየቀቻት፣ ከአምስት ወደ አራት እንዲወርድ ተስማሙ፣ ከአራት ወደ ሁለት። ስልኩም በቀን አንዴ ሆነ። በአምስተኛው ሦስታችንንም አንድ ላይ አዞረችን፤ እኔንም «እርስዎስ? ሁሉም ሲሄድ ቁጭ ብለው የሚጠብቁት እርስዎ ነዎት፤ እርስዎን ማን ይጠይቃል?» አለችኝ። አንድ ዙር ሙሉ በእሱ ሳይሆን በራሴ እርምጃ ልክ ሄድኩ። በስድስተኛው ባለቤቴ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ የጫማውን ክር አሰረ። ልጄ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ሁለታችንም ያላየን መስለን ወደ ሌላ ዞርን።

በሰባተኛው ሐሙስ ግን የወጣ ሰው የለም። ስጠይቅ፣ ባለሸራዋ «ከተመደበላት ክፍል ውጭና ያለ ቅጽ አገልግሎት በመስጠቷ» ምድር ቤት ወዳለው መዝገብ ቤት መዛወሯን ሰማሁ። ሰውን የምታናግር ልጅ ወስደው ከወረቀት ጋር ስላገናኟት እንኳን ደስ አላት ልል ፈልጌ ምድር ቤት መግባት ክልክል ነው ተባልኩ። በዚያው ሳምንት ልጄ ጠዋት ከደጅ አምስት ጊዜ ተመለሰች። ባለቤቴም ቁርሱን ቆሞ በላ።

አምስተኛ። በማዕከልዎ ቅጽ ላይ አምስተኛው ሣጥን «ለቢሮ አገልግሎት ብቻ» ስለሚል እኔም ለእርስዎ ባዶውን ትቼዋለሁ።

ስድስተኛ። ግቢው ውስጥ መዘዋወር እንዲከለከል ያወጡትን ማስታወቂያ አንብበነዋል፤ እናከብራለን። ስለዚህ አሁን የምንዞረው ከአጥሩ ውጭ ነው። መንገዱ የሕዝብ ነው፤ ማስታወቂያ አልተለጠፈበትም። ሐሙስ ሐሙስ ቀትር ላይ፣ ሠራተኛ ምሳ በሚወጣበት ሰዓት፣ ባለሸራዋ ዳቦዋን ይዛ ትወጣና እየበላች አብራን ትራመዳለች። ዳቦን እየተራመዱ መብላት የዲሲፕሊን ጥፋት ነው የሚል ደንብ እንደሌለ፣ አሁን ከወረቀት ጋር ስለምትውል አገላብጣ አይታለች። መጀመሪያ አራት ነበርን። ከዚያ በመስኮት አንድ የተመለሰች፣ ሕፃኗ አልተኛ ያላት እናት ተጨመረች፤ ከባለቤታቸው ሞት በኋላ ድምፅ የጠፋባቸው ጡረተኛ መምህር መጡ፤ አባቱ በግድ የሚያመጣው፣ ከጆሮው ማዳመጫ የማይነቅል ጎረምሳም አለ። ባለፈው ሐሙስ አሥራ አንድ ሆነን ነበር። ጎረምሳው አንዱን ጆሮውን ከፍቷል።

ባለቤቴ ወደ መሪው አልተመለሰም፤ ይመለስ እንደሆነም አላውቅም። ያለፈው ሳምንት ግን ከልጁ ጋር በሰባት ቁጥር ተሳፈረ፤ ወንበሩን ይዞ ቆሞ ሄደ፣ ኩርባው ጋ ሲደርሱ ዓይኑን አልጨፈነም። ልጄ ጠዋት የምትመለሰው አሁን ሁለት ጊዜ ነው። እኔም ሐሙስ ሐሙስ የስፌት መኪናዬን አቆማለሁ።

የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ያቺን ልጅ ከምድር ቤት አውጥተው ወደ ሰው ይመልሷት። ወንበሮቹን አልነካንም፤ መስኮቶቹም እንዳማረባቸው ይቀመጡ።

ይህን ሁሉ በትዕግሥት ስላነበቡልኝ፣ ካላነበቡም ፋይል ውስጥ በክብር ስለሚያኖሩልኝ፣ በምስጋና ብዛት አንገቴን ዝቅ አድርጌ እሰናበታለሁ።

በመስኮት አንድ እናት፣ በመስኮት ሁለት አስታማሚ፣ በመስኮት ሦስት ፋይሏ ያልተሟላ፣
ምንጊዜም አክባሪዎ የሾፌሩ ሚስት

ማስታወሻ፦ አጥሩን ስንዞር ከሁለተኛው ፎቅ ጥግ ባለው ቢሮ፣ መስኮቱ አጠገብ፣ አንድ ሰው ወዲያና ወዲህ ሲመላለሱ እናያለን። ልጄ ባለፈው ሐሙስ ቆጥራ ሠላሳ አንድ ጊዜ ሆነባት። ቢሮው የእርስዎ መሆኑን ጥበቃው ነገረን። ባለቤቴ ቀና ብሎ ሲያይዎ ቆየና፣ «እኚህ ሰው እኮ ብቻቸውን ነው የሚሄዱት» አለ። እኛ ዘንድ ቅጽ የለም፣ በየትኛው መስኮት እንደሚመዘገቡም የሚጠይቅዎ የለም። ደረጃውን መውረድ ብቻ ነው የሚጠበቅብዎ።