ውላችንን ለጻፉልንም ላፈረሱብንም ነገረ ፈጅ

ለክቡር አቶ ወልደጻድቅ፣ የከተማችን ማዘጋጃ ቤት ነገረ ፈጅ፤

እንደምን ሰነበቱ? አካም፣ ናጋ? የእርስዎን ጤና፣ የልጆችዎን ጤና፣ በተለይም ባለፈው ወር ችሎት ላይ ድንገት የከዳዎትን የማስታወስ ችሎታዎን ጤና አጥብቄ እጠይቃለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እናቴ ወይዘሮ ዙለይካ ግን ሠላሳ ዓመት ከኖረችበትና ከነገደችበት ቤት በዚህ ወር መጨረሻ፣ ያውም ያለ ምትክ ቦታ፣ እንድትወጣ በእርስዎ ትጋት ስለተፈረደባት ዕቃዋን እየሸከፈች ነው።

የሹመትዎ ጉዞ በእኛ ደጃፍ ያለፈ ስለሆነ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ. በ1987 ዓ.ም. ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ፣ ግራሩ ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው ማመልከቻ ይጽፉ በነበረ ጊዜ፣ አላህ ይዘንለትና አባቴ ዓብዱልወሃብ ይህን ቤት ከባለቤቱ ከሽማግሌው ኦቦ ጎዳና ሲገዛ ውሉን የጻፉለት እርስዎ ነዎት። አባቴ ነገሌ ወርጄ ፍርድ ቤት ላስመዝግበው ቢልዎ፣ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከመረቀው ወዲያ ምን ማኅተም ያሻል ብለው መለሱት። አባቴም ሽማግሌ መርቆ፣ የተማረ ሰው ጽፎ ምን ቀረኝ ብሎ ወረቀቱን አጣጥፎ ሣጥን ውስጥ አኖረው።

፪ኛ. የቀበሌው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው ሲሾሙ፣ ጎረቤት አጥር ገፍቶብን ስንከስ ያንኑ ወረቀት አንብበው እንከን የማይወጣለት ውል ነው በማለት ፈረዱልን። ሙስሊሙ አባቴ ለእርስዎ ክብር ሲል በክርስቲያን እጅ ፍየል አሳርዶ ጋበዘዎት። እጅዎን ታጥበው፣ መርቀውን፣ ጠግበው ሄዱ።

፫ኛ. ከዚያ በርቀት ሕግ ተምረው ነገረ ፈጅ ሆኑ፤ እንኳን ደስ አለዎት። መንገዱ ሊሰፋ ነው ተብሎ እናቴ ምትክ ቦታ ስትጠይቅ፣ በፍርድ ቤት ያልተመዘገበ ውል ውል አይደለም፣ ሴትዮዋም ሕገ ወጥ ነዋሪ ናት ሲሉ ተከራከሩ። ዳኛው ውሉን ማን እንደጻፈው ሲጠይቁዎ፣ ሕግ የማያውቅ ሰው ሳይሆን አይቀርም ብለው ማስመዝገብዎን በሁለቱ ጆሮዎቼ ሰማሁ። ወይ ጉድ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። እናቴ ከጎኔ ተቀምጣ ፊትዎን ፊትዎን ስታይ፣ እርስዎ መዝገብዎን ያገላብጡ ነበር።

አራተኛ ምስጋና ፈልጌ አጣሁ።

ክቡርነትዎ፣ በሕጉ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ሕጉ ተጽፎ የኖረ ነው፣ አባቴም ሊያከብረው ነገሌ ድረስ ሊሄድ ተነሥቶ ነበር። ያስቆሙት ግን እርስዎ ነዎት። እኔን ያቅለሸለሸኝ ሰው በገዛ እጁ የጻፈውን አላውቀውም ብሎ፣ የበላበትን ቤት አፍርሶ፣ በማግስቱ በባጃጅ ሲያልፍ እጁን አውጥቶ ሰላም ማለቱ ነው። እውነቴን ነው፣ ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። አፉ ቅቤ ልቡ ጩቤ ሲባል እሰማ ነበር እንጂ ደመወዝ የሚከፈለው አይቼ አላውቅም ነበር።

ደረጃዎ ከፍ፣ ወንበርዎ ሰፋ፣ ማስታወስዎ ደግሞ ለሥራዎ በሚመች መጠን ጠበብ እንዲል እየተመኘሁ፣ ከማይጎድል አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

መሪማ ዓብዱልወሃብ
ሕገ ወጥ ከተባለችው ሴትዮ የተወለደች

ማስታወሻ፦ የኦቦ ጎዳና ልጅ ኡርጂ ባለፈው ሐሙስ መጥታ የፍርዱን ግልባጭ ለመነችኝና ሰጠኋት። ለካ ዛሬ የሚኖሩበትን የማዕዘኑን ቤት እርስዎም በዚያው ዓመት ከአባቷ ገዝተው፣ ውሉንም ራስዎ ጽፈው፣ ሳያስመዘግቡት ኖረዋል። ልጅቷ ክርክርዎን ቃል በቃል ገልብጣ ቤቱ ይመለስልኝ ብላ ከሳለች። እናቴ ሽያጩ ሲፈጸም በዓይኗ አይታለችና፣ ከጠሯት ቀርባ ቤቱን በእርግጥ መግዛትዎን እንደምትመሰክርልዎ ንገሪልኝ ብላኛለች።